ገማቹ መጣ

የዛሬው ረዘም ይላል። ስለ ግብር ነው፤ ግን አትሽሹ፣ ታሪክ አለበት። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የሒሳብ ሰው አይደለሁም፣ ስለዚህ የግብር ምክር የምትፈልጉ ባለሙያ ጠይቁ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። 2016 ጥቅምት ላይ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አሥረኛ ክፍል ያስተማርኩት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ልጅ እላለሁ እንጂ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው። የፊኒሺንግ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ጂፕሰም፣ ቀለም፣ ሴራሚክ። ከትልልቅ ተቋራጮች ላይ ሥራ ቆርጦ ይወስዳል፣ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ጨርሶ ያስረክባል።

«ቲቸር፣ ወረቀት ደረሰኝ» አለኝ።

«የምን ወረቀት?»

«የግብር ውሳኔ። ቁጥሩን ባነብልዎት አያምኑኝም።»

አነበበልኝ። እውነትም አላመንኩትም። ወረቀቱ ከደረሰው 16 ቀን ሆኖታል፤ ከሚስቱ ደብቆ የመኪና ወንበር ሥር ከቶት ነበር። ለምን ለእኔ እንደደወለ ስጠይቀው «እርስዎ ማንበብ ይወዳሉ ብዬ ነው» አለ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሙገሳም ኃላፊነትም አንድ ላይ መጥቶብኝ አያውቅም።

የሆነውን ነገር በእሱ ፈቃድ ነው የምጽፈው፤ ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ቁጥሮቹን ትንሽ አጠጋግቻቸዋለሁ። በ2014 አንድ ሕንፃ ላይ የቀለምና የጂፕሰም ሥራ በ1,200,000 ብር ወሰደ፣ ዕቃውን ራሱ ችሎ። ተቋራጩ «ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥርና ደረሰኝ አምጣ» አለው፤ ሄዶ አወጣ። አዲስ ነጋዴ ስለሆነ ደረጃ ሐ ተባለ። ተቋራጩ ክፍያ በፈጸመ ቁጥር 2 በመቶ እየቀነሰ፣ በድምሩ 24,000 ብር፣ በእሱ ቲን ቁጥር ለመንግሥት ገቢ አደረገ። ልጁ ደግሞ ሐምሌ ሲመጣ የደረጃ ሐን ትንሽዬ ቁርጥ ግብር ከፈለና ተኛ። «ከፍያለሁ እኮ ቲቸር፣ ደረሰኝ አለኝ» ይላል። እውነቱን ነው፣ አለው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላው ኮምፒዩተሩ ተናገረ። በዚህ ቲን ቁጥር በአንድ ዓመት 1,200,000 ብር ተከፍሏል ይላል። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ደረጃ ሐ ማለት የዓመት ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነው፤ 1,000,000 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደረጃ ሀ ነህ፤ ደረጃ ሀ ከሆንክ ደግሞ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነበረብህ፣ ለቫትም መመዝገብ ነበረብህ። ልጁ ደረጃው መቀየሩን ያወቀው ከወረቀቱ ነው።

አሁን ቁጥሩን ተከተሉኝ። ከ1,200,000ው ውስጥ 700,000 ያህሉ ለዕቃ ወጥቷል፤ 300,000 ያህሉ ለሠራተኛ። ለእሱ የተረፈው 200,000 ነው። በጊዜው በነበረው ሠንጠረዥ የ200,000 ትርፍ ግብር 52,000 ብር ይሆናል። ከበድ ይላል፣ ግን ይከፈላል። ችግሩ፣ ዕቃውን የገዛው ያለ ደረሰኝ ሲሆን ስለሚረክስ አብዛኛውን ያለ ደረሰኝ ነው። ሠራተኛውን ቅዳሜ ቅዳሜ በእጁ ነው የከፈለው። ወጪህን በሰነድ ማሳየት ካልቻልክ ደግሞ ወጪ የለህም፤ ሙሉው ትርፍ ነው። የ1,200,000 ግብር በዚያው ሠንጠረዥ 402,000 ብር ነው። 200,000 ላተረፈ ሰው ማለት ነው! ተቋራጩ የቀነሰው 24,000 ቢታሰብለትም፣ ያልሰበሰበው ቫት 15 በመቶ ሲጨመር ሌላ 180,000። ቅጣትና ወለዱን እዚህ አላሰላሁትም።

ስልኩን ዘግቼ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ አዋጁ አይደለም። ትዝ ያለኝ አባቴ ነው።

አባቴ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበር። የሰው ሱቅ በረንዳ ላይ አንድ ሲንጀር መኪና፣ አንድ ወንበር፣ አንገቱ ላይ ሜትር። መስከረም ላይ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ገናና ፋሲካ ላይ የልጆች ልብስ፣ በመሐል ደግሞ ሱሪ ማሳጠርና የተቀደደ መጣፍ። ወሩን ሙሉ ቁጭ ብሎ ከመንገደኛ ጋር የሚያወራበት ጊዜም ነበር። ደብተር ነበረው። የደንበኛው ስም፣ ልክ፣ ዋጋ፣ ቀብድ፣ ቀሪ። ጽሕፈቱ ያምራል፤ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው።

በ1993 ይመስለኛል፣ ሦስት ሰዎች የቀን ገቢ ሊገምቱ መጡ። መቼ ነው የመጡት? የሕማማት ሰሞን። በረንዳው ላይ ልብስ ተከምሯል፣ ሰው ተሰልፏል። አንዱ «ዛሬ ስንት ሰፋህ?» አለው። አባቴ መዋሸት አይችልበትም፣ ነገረው። ያንን ቁጥር ያዙና በዓመቱ የሥራ ቀን አባዙት። አባቴ ደብተሩን አወጣ። «እዩት፣ የጥቅምትን እዩት፣ የየካቲትን እዩት፣ በጾም ማን ልብስ ያሰፋል» አለ። ሰውየው ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይሄን ማን አየው? ማኅተም የለውም» ብሎ መለሰለት።

በቃ። ያን ዓመት አባቴ የከፈለው ዓመቱን ሙሉ ፋሲካ እንደሆነ ተቆጥሮ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ልናገር፣ ምክንያቱም የታሪክ መምህር ነኝ ብዬ የራሴን ወገን ታሪክ ብቻ ማሳመር አልችልም። በሚቀጥለው ዓመት ገማቾቹ ከላይ ሰፈር መድረሳቸው ሲሰማ አባቴ ያለቀውን ልብስ ሁሉ በአንሶላ ቋጥሮ በጓሮ በኩል ወደ ቤት ላከው። የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ደብተሩንም መጻፍ ተወ። «ለማን ብዬ?» አለ። ማለት፣ መጀመሪያ እውነቱን ጽፎ የያዘ ሰው ነበር፤ መደበቅ የተማረው እውነቱ ካልሠራለት በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ።

ቃሉን እንመልከተው እስቲ። ግብር። ንጉሡ ግብር አበላ እንላለን፣ ገበሬው ግብር ገበረ እንላለን። አንዱ ቃል ለድግሱም ለዕዳውም ያገለግላል። የቋንቋ ሊቃውንት የራሳቸው ማብራሪያ ይኖራቸዋል፤ እኔ ግን ተማሪዎቼን ሁልጊዜ «ድግሱና ዕዳው የአንድ ጎተራ ሁለት በር ናቸው» እላቸው ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 አሥራት እንዲከፈል አዘዙ። ዓላማው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበር። ከዚያ በፊት ወታደሩ ገበሬው ቤት እየተመራ፣ እየበላና እየጠጣ ነበር የሚኖረው። አሥራቱ ወታደሩን ከገበሬው ጓዳ አውጥቶ ቀለቡን ከመንግሥት ጎተራ ሊሰጠው ነው። ከአሥር አንድ። ቁርጥ ያለ፣ ሒሳቡ ቀላል።

ግን ከአሥሩ አንዱን ለማወቅ አሥሩን ማን ይቆጥራል? ገማች። ገማቹ እስኪመጣ ገበሬው እህሉን ማንሳት አይችልም። ዝናብ ይምጣ፣ ወፍ ይምጣ፣ ምስጥ ይምጣ፣ ይጠብቃል። ሲመጣም ባዶ እጁን አይሸኝም፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ በቅሎውም ትበላለች። እና ደህና አድርጎ ያበላና ያላበላ ሰው ክምር በዓይን ሲታይ እኩል ሆኖ አይታይም። ይሄ ታሪክ ብቻ አይደለም፣ የሰው ዓይን ጠባይ ነው።

ከዚህ በላይ አንድ ነገር አለ፤ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሳስተምር ራሴም ያላየሁት፣ ልጁ ሲደውል ነው የታየኝ። አሥራት የሚወጣው ከጠቅላላው ምርት ነው። ለዘር የተበደርከው ከውስጡ አይቀነስም። ለበሬ ቀላቢው፣ ለወቂው፣ ለአራሚው የከፈልከው አይቀነስም። አውድማው ላይ የተከመረው ብቻ ነው የሚታየው። አሥር ኩንታል አምርቶ አራቱን ለዕዳ የሚሰጥና አሥሩንም ለራሱ የሚያስቀር ሰው ለገማቹ አንድ ናቸው። ለፊኒሺንጉ ልጅ የመጣው ወረቀትም ይሄው አይደለም እንዴ? ኮምፒዩተሩ የገባውን አየ፤ የወጣውን አላየም።

ይሄ ሳይታያቸው የቀረ አልነበረም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1904 በታተመችው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ውስጥ መንግሥት እንዲያሻሽል ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የግብር ጉዳይ ነበር፤ ሕዝቡ የሚከፍለው ልኩ የታወቀና በገንዘብ የሚከፈል ይሁን ነው ሐሳቡ። በኋላ ራሱ የድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ ሆኗል፤ ስለዚህ ነገሩን ከከፋዩም ከሰብሳቢውም ወንበር ያየ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነው። ዛሬም የሒሳብ ክፍል ከፋዩ ወንበር ላይ አንድ ሐምሌ የተቀመጠ ሠራተኛ ቢበዛ ደስ ይለኛል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ግብር በአዋጅ መልክ እየያዘ መጣ። በ1934 የመሬት ግብር ሲወጣ መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ በሦስት ተከፈለ፤ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ለም ነው ጠፍ ነው የሚለውን ግን ማን ይወስናል? አሁንም ዓይን። የ15ና የ5 ልዩነት ገማቹ በቆመበት ጥግ ነው። በ1936 ደግሞ የግልና የንግድ ግብር አዋጅ መጣ፤ በ1953 የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173። ይሄኛው በየመንግሥቱ እየተጠጋገነ እስከ 1994 ድረስ ኖሯል። ደመወዝተኛው ለብቻ፣ ነጋዴው ለብቻ የሚታይበት ሠንጠረዥ በሰፊው የለመድነው ከዚያ ጊዜ ወዲህ ነው። (በነገራችን ላይ ሠንጠረዥ ሐ እና ደረጃ ሐ አንድ አይደሉም። ሠንጠረዡ የገቢው ዓይነት ነው፣ የንግድ ገቢ ማለት ነው። ደረጃው የነጋዴው መጠን ነው። ይሄን ስጽፍ እኔም ሁለት ጊዜ ተሳስቼ አርሜዋለሁ።)

ደመወዝተኛው እኔ ነኝ። እኛ ገማች አናውቅም። ወር ሲደርስ ተቆርጦ ነው የሚመጣልን፣ ስንት እንደተቆረጠ የማያውቅ መምህርም አለ። ስለዚህ «ነጋዴ ግብር ይሰውራል» እያልን ሻይ ቤት ስናማ እንውላለን። የእኛ ንጽሕና መሰወሪያ ስለሌለን መሆኑን ግን አንናገርም። ክረምት ክረምት በየቤቱ እየሄድኩ የማስጠናውን ገንዘብ አንድ ቀን ለማንም አስታውቄ አላውቅም። አሁን አስታወቅኩ።

አሁን ወደ 1960 እንምጣ፣ ወደ ጎጃም። ኅዳር ላይ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። አዋጁን ዛሬ ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው ክፉ ነው አይልም። አሥራትን ይሽራል። በምርቱ ክምር ፈንታ ገቢ ላይ ይመሠረታል፣ ብዙ ያለው ብዙ ይክፈል ይላል። ማለትም ቅድም ያልኩትን የአሥራትን ችግር ለማረም የተሞከረ ነው። ታዲያ ጎጃም ለምን ተነሣ?

ምክንያቱም ገቢን ለማወቅ ግምት ያስፈልጋል፤ ግምት ደግሞ ገማች ይዞ ይመጣል። የጎጃም ባለርስት በ1930ዎቹም በ1940ዎቹም «መሬትህ ይለካ» ሲባል እምቢ ያለ ሕዝብ ነው። ዛሬ አዝመራውን ሊገምት የመጣ ሰው ነገ ገመድ ይዞ ሊለካ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ርስቱ የመንግሥት ሆኖ እኔ ጭሰኛ እሆናለሁ፣ ነው ፍርሃቱ። አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ላይ ደግሞ በመሣሪያ ምዝገባና በልዩ ልዩ ክፍያ ምክንያት የቆየ ቅሬታ ነበር። ሞጣና ዳሞት አካባቢ ገበሬው ገማች አናስገባም አለ። ነገሩ በሽምግልና አልበረደም፣ ጦር ተላከ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ክረምቱ ላይ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። ለግብር! በመጨረሻ መንግሥት ራሱ ወደ ኋላ አለ። ደጃዝማች ፀሐዩ ወደ ከፋ ተዛወሩ፣ በቦታቸው ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተሾሙ፣ የቆየ ውዝፍ ተሰረዘ፤ አዋጁም በጎጃም እንደተጻፈው ሳይፈጸም ቀረ።

ይሄን ለአሥር ዓመት አስተምሬዋለሁ። የመማሪያ መጽሐፉ ላይ አጭር ቦታ ነው ያለው፣ የገበሬዎች አመፅ በሚለው ሥር፣ ከባሌና ከሌላው ጋር። ተማሪ ምክንያቶቹን በቁጥር ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ያመጣዋል። እኔም «ትክክል» ብዬ አርማለሁ። ይሄንኑ ሲሸመድድ የነበረ ልጅ ነው ቲን ቁጥር ምን እንደሚያስከትል ሳያውቅ የ1,200,000 ብር ውል የፈረመው። አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አርባ ደቂቃ ብቻ ሰጥቼ «ይሄ ታሪክ እናንተ ጋ የሚደርሰው በዚህ በኩል ነው» ብዬ ብነግራቸው ኖሮ እላለሁ። ለእኔ ግን ታሪክ 1966 ላይ ያልቅ ነበር።

ደርግን ልለፈው፤ የግል ተቋራጭ ብሎ ነገር የተመናመነበት ዘመን ስለሆነ ለዛሬው ነገራችን ብዙ አይሰጠንም።

በ1994 ትልቅ ለውጥ መጣ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286፣ የቫት አዋጅ ቁጥር 285፣ ከዚያ ቲን ቁጥር፣ ቆይቶ አሻራ፣ ቆይቶ የካሽ ሬጅስተር ማሽን። ነጋዴው ሀ፣ ለ፣ ሐ ተባለ። ሀና ለ በመዝገብ፣ ሐ በግምት። የአባቴ በረንዳ ሐ ነው ማለት ነው። ትንሹ ሰው መዝገብ መያዝ አይችልም ተብሎ ነው፣ ሐሳቡ ሊያግዘው ነው። ውጤቱ ግን እንደ 1885ቱ አሥራት ሆነ፤ ለማቅለል የመጣው ነገር በገማች ዓይን አለፈ።

2009 ሐምሌን ታስታውሳላችሁ። ከዓመታት በኋላ አዲስ የቀን ገቢ ግምት ወጣ። አምቦና ወሊሶን ጨምሮ በብዙ ከተማ ሱቅ ተዘጋ፣ መርካቶም ውስጥ የዘጉ ነበሩ። ትምህርት ቤታችን አጠገብ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ የተገመተላትን ቁጥር ለመምህራኑ ስታነብ «ይህን ያህል ብሸጥ ኖሮ እናንተ እዚህ መቀመጫ ታገኙ ነበር?» ብላ አሳቀችን። ከዚያ አለቀሰች።

መንግሥት ያኔ የሚለው ነጋዴው ለዓመታት ገቢውን አሳንሶ ኖሯል ነው። ውሸት አልነበረም። እኔ በአንሶላ ተሸክሜዋለሁ እኮ! ገማቹ ይደብቃል ብሎ ያበዛል፣ ነጋዴው ያበዛብኛል ብሎ ይደብቃል። ማን ጀመረው ብሎ መጠየቅ ጥቅም ያለው አይመስለኝም፤ የሚጎዳውን ግን አውቀዋለሁ። የሚጎዳው መዋሸት የማይችልበት ነው። እንደ አባቴ ያለ።

አንድ ነገር ግን ከ2009 ወዲህ ተለውጧል። ድሮ ገማቹ በበቅሎ ይመጣ ነበር፤ ውሻው ይጮኻል፣ ልጅ ይላካል፣ ልብስ ይቋጠራል። አሁን አይመጣም። የሚከፍልህ ድርጅት ራሱ ከክፍያህ ቀንሶ ስምህን ይጽፍልሃል፣ ቲን ቁጥር ከሌለህ ደግሞ አብልጦ ይቀንስብሃል። የባንክ ሒሳብህ፣ የውልህ ኮፒ፣ የተቋራጩ ወጪ መዝገብ፣ ሁሉም ገማች ነው። የእሱ ወጪ ያንተ ገቢ ስለሆነ እሱ ወጪውን በሚገባ ይመዘግባል። አንተ ስትገዛ ግን «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ?» ሲሉህ «አዎ» ትላለህ። ልጁ ጂፕሰሙን በዚህ መንገድ ያተረፈው ገንዘብ ስንት እንደሆነ አብረን አሰላን። ባይሰላ ይሻል ነበር።

አሜሪካ ያለች ተማሪዬ የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ አንብባ «እኛም ጋ ያው ነው» ብላ ጻፈችልኝ። መኪና ይዛ ሰው ታደርሳለች። መጀመሪያ ዓመት ላይ የገባውን ሁሉ የኔ ነው ብላ ለኪራይ፣ ለቤተሰብ፣ ለአገር ቤት ላከችው። ዓመቱ ሲያልቅ 1099 የሚሉት ወረቀት መጣ። እዚያ ለራሱ የሚሠራ ሰው፣ ቀጣሪው የሚሸፍነውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻም ጨምሮ 15.3 በመቶ ራሱ ነው የሚከፍለው፣ ከገቢ ግብሩ ሌላ። እሷን ያዳናት የነዳችውን ማይል መመዝገቧ ነው፤ ሰው መክሯት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ጽፋዋለች። የአባቴ ደብተር እዚያ ማኅተም አያስፈልገውም ነበር ማለት ነው። ይሄን ሳነብ ትንሽ ቀናሁ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ያን ሌሊት የ2008ቱን የታክስ አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 983ን፣ አውርጄ ሳነብ አደርኩ። ቅሬታ ማቅረቢያው ውሳኔው ከደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው ይላል። 16ቱ አልፏል። ከዚያ ካለፈ ደግሞ ይግባኝ ኮሚሽን ለመድረስ ክርክር ካለበት ግብር ግማሹን አስቀድሞ መክፈል አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ደወልኩለት፤ «ወረቀቱን ከወንበሩ ሥር አውጣው፣ ለሚስትህም ንገራት» አልኩት። የሒሳብ ባለሙያ ያገኘችለት ሚስቱ ነች። ከእኔም ከእሱም ትሻላለች።

በ20ኛው ቀን ቅሬታው ገባ። ደረሰኝ ያላቸው ግዢዎች ተያዙለት። ለሠራተኛ የከፈለው ደግሞ አንድ ጉድ ነበረው፤ ፎርማኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠራተኞቹን በደብተር ያስፈርም ነበር፣ አለቃው እንዳይጠረጥረው ብሎ ለራሱ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ የሲሚንቶ ውሃ የነካው ደብተር። ከፊሉን ተቀበሉት፣ ከፊሉን አልተቀበሉትም፤ መታወቂያ ቁጥር ያልተጻፈበት ቀረ። ቀሪው በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፍል ተስማሙ። ስካፎልዲንጉን ሸጠ።

በ2017 ክረምት ደግሞ ሕጉ ተቀየረ፣ አዋጅ ቁጥር 1395። ደረጃ ሐ የሚባለው ቀርቷል፤ የዓመት ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ደረጃ ለ ነው፣ ግብሩም የሚሰላው በጠቅላላ ሽያጩ ላይ ነው። ቀለል ይላል፣ የአባቴን ሦስት ሰዎች ከበረንዳው ያነሣል፣ ይሄን አልክድም። ግን ከጠቅላላው ነው። በ1,200,000 ውል 200,000 ብቻ የሚተርፈው ቀለም ቀቢና በዚያው ሽያጭ ብዙ የሚተርፈው ሌላ ነጋዴ እኩል ይታያሉ። ክምሩ እንጂ ዘሩ አይታይም። አሥራት ለሚያስተምር ሰው ይሄን አለማስተዋል ይከብደዋል።

ልጁ አሁን አንድ ተቋራጭ ዘንድ በደመወዝ ተቀጥሯል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ «አሁን እንደ እርስዎ ሆኛለሁ ቲቸር፣ ቆርጠው ነው የሚሰጡኝ» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን ያ ልጅ አሥራ ሁለት ሰው ቀጥሮ ያሠራ እንደነበር አስባለሁ።

የአባቴን ደብተሮች እናቴ አልጣለቻቸውም፤ አራት ናቸው፣ የእህል ጆንያ ውስጥ አገኘኋቸው። በዚህ ሴሚስተር አሥሮችን ስለ 1960 ሳስተምር ክፍል ይዣቸው ልገባ ነው። የአባቶቻችሁ ወይም የእናቶቻችሁ የሱቅ፣ የወፍጮ፣ የልብስ ስፌት፣ የጠላ ቤት ደብተር ያላችሁ አንድ ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ በውስጥ ላኩልኝ፤ ስም ያለበትን ሸፍኑት። የአሥራት ገማች ሲመጣ ቤታቸው ምን ይዘጋጅ እንደነበር ከአያት የሰማችሁም ጻፉልኝ፤ እኔ እስካሁን ያገኘሁት ዶሮና ጠጅ ብቻ ነው።